የሴባስቶፖል መንገድ፦ ስለ ጭቃ፣ ስለ ሊጥና ስለሚፈስሱ ተራሮች

(በንፋስ መውጫ ከተማ የተሰጠ ሕዝባዊ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



ስለ ፍሰት ልናገር ወደ ንፋስ መውጫ ስጋበዝ ብዙዎቻችሁ ስለ ነፋስ እንደምናገር ጠብቃችሁ ይሆናል። የከተማይቱ ስም ራሱ ወደዚያ ይጋብዛል፤ ዛሬ ጠዋት ባርኔጣዬን ያሯሯጠኝም ነፋስ እንዲሁ። የነፋስና የውሃ ፊዚክስ ግን ባለቤት አያጣም፤ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የታላላቆቹ ሊቃውንት ማደሪያ ሆኖ ኖሯል። እኔ ዛሬ የማነሣው ከእግራችን ሥር ያለውን፣ ጠጣርም ፈሳሽም ለመባል እምቢ የሚለውን ነገር ነው፤ ጭቃን። ከጭቃ ጋርም ወገኖቹን ሁሉ፦ ሊጥን፣ ማርን፣ ቅጥራንን፣ የሳሙና አረፋን። በእኛ የትምህርት ዘርፍ እነዚህ «ለስላሳ ቁሶች» ይባላሉ። ታሪካቸው ከሚመስለው ይልቅ ለዚህ አገር ቅርብ ነው፤ ስለዚህም ከቀመር ሳይሆን ከታሪክ እጀምራለሁ።

በጠረጴዛው ላይ ሁለት የእንጨት ሰሌዳዎች ታያላችሁ። በላያቸው ያለው ጭቃ ከአንድ ማሳ የተወሰደ መረሬ ነው፤ ውሃውም እኩል ተለክቶ የገባ ነው። ለጊዜው እንተዋቸው።

መስከረም 30 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። አገሩ ከእጃቸው እየወጣ ነበር፤ ከነበራቸው ሠራዊት የቀረው ጥቂቱ ነው። የያዙት ጓዝ ግን በታሪካችን ተወዳዳሪ የለውም፤ በጋፋት አውሮፓውያን ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች ያፈሰሱላቸው መድፎች፣ ከሁሉም በላይ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ ሞርታር። ጉዞው ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ በዚሁ በጋይንት አልፎ፣ ጨጨሆን ተሻግሮ፣ ወደ ዋድላና ቤተ ሖር፣ ከዚያም የጅጣን ገደል ወርዶና ወጥቶ ወደ ደላንታ፣ በመጨረሻም በበሽሎ በኩል ወደ መቅደላ ነበር። የደረሱት በመጋቢት ነው። ከ160 ቀን በላይ መሆኑ ነው። በካርታ ላይ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ቀጥታ መስመር ብትዘረጉ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በቀጥታ መስመር ሲሰላ እንግዲህ በቀን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ስለዚህ ጉዞ ሲጽፉ ስለ ገደሉ፣ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ረኀቡና ስለ ሽፍታው ይነግሩናል። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ቀድመው ድንጋይ እንደፈነቀሉ፣ አለቱ በባሩድ እንደፈረሰ በሚገባ ተጽፏል። የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦርም የጅጣን ገደል የወረደውና የወጣው ንጉሡ በቀየሱት መንገድ ነበር፤ ጠላት የመሰከረለት የምሕንድስና ሥራ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን የመነሻው ወር ነው። መስከረም 30! ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ የደጋው ጥቁር አፈር ውሃውን እንደ ጠጣ ነው። በዚህ ወር በመረሬ ላይ የሄደ ሰው አንድ እግሩን ሲያነሣ ጫማው እንደሚቀር ያውቃል።

እዚህ ላይ ስለ ሴባስቶፖል ክብደት የሚነገረውን ላንሣ። በብዙ ጽሑፍ፣ በብዙ የትምህርት ቤት ደብተርም፣ 70 ቶን ይመዝናል ይባላል። 7 ቶን ገደማ ነው የሚሉም አሉ። እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም፤ ነገር ግን ቁጥር ሳይጠየቅ ሲያልፍ ዝም ማለት አልችልም። የነሐስ እፍጋት በአንድ ሜትር ኩብ 8.8 ቶን ገደማ ነው። 70 ቶን ነሐስ ማለት ወደ 8 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ነው፤ ርዝመቱም ወርዱም ቁመቱም ሁለት ሁለት ሜትር የሆነ፣ ውስጡ ድፍን የሆነ ብሎክ። የሞርታር ውስጡ ደግሞ ባዶ ነውና ከዚያም መግዘፍ ነበረበት። በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውን አምሳያውን ያየ ሰው ይፍረድ።

ሁለተኛው ምስክር ጭቃው ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ሉድቪግ ፕራንትል የተባለው ጀርመናዊ ለስላሳ መሬት ሸክም ሲጫንበት የሚከዳው መቼ እንደሆነ አስልቷል፤ የሸክሙ ግፊት የአፈሩን የሸርተቴ ብርታት አምስት እጥፍ ያህል፣ በትክክል 5.14 እጥፍ ሲሆን። ርጥብ መረሬ 10 ኪሎፓስካል ብርታት አለው ብለን በለጋስነት እንነሣ። 7 ቶን ሳይሰምጥ እንዲቆም ከሥሩ 1.3 ሜትር ካሬ ያህል መርገጫ ይበቃዋል፤ ሰፊ መንኮራኩር፣ ድንጋይና ቅርንጫፍ ከተነጠፈለት ይህ የሚቻል ነው። 70 ቶን ግን 13 ሜትር ካሬ ይፈልጋል፤ የአንድ ክፍል ወለል ማለት ነው። እኔ የትንሹ ቁጥር ወገን ነኝ። ይህን ስል ከንጉሡ ክብር የምቀንስ የሚመስለው ወንድም ካለ፣ 7 ቶን ነሐስ በዚህ ዳገት በጠፍር እየጎተተ ጨጨሆ ድረስ ወስዶ ያሳየኝ።

አሁን ወደ ሌላ አገር እንሂድ፤ ዘመኑ ግን ያው ነው። ሴባስቶፖል ከጋፋት በተነሣበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ1867፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ስለ ጋዞች እንቅስቃሴ አንድ ረጅም ጽሑፍ አሳተመ። በውስጡ ለጋዝ ታስቦ የገባ፣ ለእኛ ግን የቤት መሠረት የሆነ ሐሳብ አለ። ከእርሱ በፊት የነበረው ሕግ የኒውተን ነበር። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ የፈሳሽ ተቃውሞ ከንጣፎቹ የፍጥነት ልዩነት ጋር ተመጣጣኝ ነው ብሎ አስቀምጧል። ግፊቱን እጥፍ ብታደርጉት ፍሰቱም እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። «መስመራዊ» የምንለው ይህንን ነው። ውሃና ዘይት ይታዘዙታል፤ ማርም በአመዛኙ። ማክስዌል የጨመረው ጊዜን ነው። አንድ ቁስ ሲገፋ ወዲያው ጫናውን እንደ ጠጣር በውስጡ ይይዛል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይለቀዋል። የሚለቅበት የራሱ ጊዜ አለው፤ በእኛ ቋንቋ «የመርገቢያ ጊዜ» ልንለው እንችላለን። ከዚያ ጊዜ ባጠረ ቅጽበት ብትመቱት እንደ ጠጣር ይመልስላችኋል፤ ከዚያ በረዘመ ጊዜ ብትገፉት ይፈስሳል።

ይህን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየው በአውስትራሊያ ብሪዝበን ያለው የቅጥራን ሙከራ ነው። ቶማስ ፓርኔል እ.ኤ.አ. በ1927 ያዘጋጀው ቅጥራን በመዶሻ ሲመታ እንደ መስታወት ይሰበራል፤ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ሲተው ግን በአሥር ዓመት ገደማ አንድ ጠብታ ያንጠባጥባል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ይህን በመጽሐፍ ሳነብብ ያሰብሁት የጉና ተራራን ነበር። ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ከማክስዌል በኋላ ነገሩ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቸል የተባለ ይመስላል። ያነሣው ከላይ ከሰማይ የመጣ ቲዎሪ ሳይሆን የቤት ቀለም ነው። በፔንስልቬንያ ኢስተን በምትባል ከተማ የኬሚስትሪ መምህር የነበረው ዩጂን ቢንግሃም ከአንድ ባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1919 ቀለም ወፍራም ፈሳሽ አይደለም ብሎ ጻፈ። ብሩሹ ሲገፋው ይፈስሳል፤ ግድግዳው ላይ ሲቀር ግን የራሱ ክብደት ሊያወርደው አይችልም። ከተወሰነ ጫና በታች ከቶ አይፈስስም። ይህን ወሰን እኔ በክፍል ውስጥ «የመፍሰሻ ደፍ» እለዋለሁ፤ ደፍን የረገጠ ገና አልገባም፣ ያለፈ ግን ገብቷል። ከደፉ በታች ግፊቱን እጥፍ ብታደርጉት ምንም አይሆንም፤ በደፉ ላይ ጥቂት ብትጨምሩ ሁሉ ነገር ይሆናል። መስመራዊው ሕግ እዚህ ላይ ያበቃል።

ከቢንግሃም ጋር ሊሠራ ከፍልስጥኤም ምድር የመጣ ማርኩስ ራይነር የሚባል የመሐንዲስነት ሙያ የነበረው ሰው ነበር። አዲሱን ትምህርት «ሪኦሎጂ» ብለው ሰየሙት፤ ቃሉ ከግሪኩ «መፍሰስ» የወጣ ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1929 ተቋቋመ። ራይነር በሸመገለ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 5 ላይ ነቢይቱ ዲቦራ የድል መዝሙር ትዘምራለች፤ በዚያ መዝሙር ተራሮች በአምላክ ፊት እንደሚፈስሱ ተደርገው ይነገራሉ። ራይነር ይህን እንደ ሳይንስ ነገር አነበበው። ተራሮች በሰው ፊት አይፈስሱም፤ የሰው ዕድሜ አጭር ነውና አያያቸውም። ዘመኑ በማይቈጠረው ፊት ግን ይፈስሳሉ። ስለዚህ የቁሱን የመርገቢያ ጊዜ ለተመልካቹ ጊዜ አካፍሎ የተገኘውን ቁጥር «የዲቦራ ቁጥር» አለው። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ የምታዩት ጠጣር ነው፤ ትንሽ ከሆነ ፈሳሽ ነው። እኔ ዲቁና የተማርሁ ሰው ነኝ። ይህን ጽሑፍ በባዕድ አገር ቤተ መጻሕፍት ሳገኘው፣ የአንድምታ መምህሬ ቢሰሙት ምን ይሉ ይሆን ብዬ ብቻዬን ስቄያለሁ።

ግን ይህን ሁሉ ለማወቅ ኢስተን መሄድ ያስፈልግ ነበር? እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ነገሩ ይገባዋልና።

በአማርኛችን «አቦካ» የሚለው ግሥ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ሴቷ ሊጥ ታቦካለች፣ ግድግዳ መራጊው ጭቃ ያቦካል። ቋንቋው ሁለቱን አንድ ያደረገው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ለምርጊት የሚሆን ጭቃ ጭድ ገብቶበት ይረገጣል፣ ለቀናት ይተዋል፣ ደግሞ ይረገጣል። ከዚያ በኋላ ሲመርጉት በእጅ ይታዘዛል፣ ግድግዳው ላይ ግን ይቆማል። ይህ የቢንግሃም ቀለም ነው። ጭዱ ደግሞ ለመሰንጠቅ የሚነሣውን ጭቃ አሥሮ ይይዛል።

የጤፍ ሊጥ ከዚህ ይረቅቃል። እናቶቻችን ሊጡ ከቦካ በኋላ ላዩ ላይ የቆመውን ውሃ ያጠልላሉ፣ ከሊጡ ጥቂቱን ወስደው በፈላ ውሃ ያበስሉና መልሰው ይቀላቅሉታል። አብሲት ነው። አብሲት ያልገባበት ሊጥ ዓይኑ ያላማረ እንጀራ እንደሚያወጣ ሁሉም ቤት ያውቃል፤ ለምን የሚለውን ግን ማንም አልጠየቀኝም። ነገሩ ይህ ነው፦ የጤፍ ስታርች ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ነው። ገረመው ቡልቶሳና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት የስታርቹን ባሕርይ መርምረዋል፤ ቅንጣቱ ከ2 እስከ 6 ማይክሮሜትር የሚሆን ነው። ሲበስል ቅንጣቱ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይፈነዳል፣ ሊጡንም ያወፍረዋል። የወፈረው ሊጥ በመቡካት የተነሣውን ጋዝ ቶሎ አይለቀውም፤ ምጣዱ ላይ ሲያርፍ ግን ጋዙ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ይፈልቃል፣ ዓይን ይሆናል። እንግዲህ ሊጡ በሚፈስስበት ጊዜ ቀጭን፣ በሚያርፍበት ጊዜ ወፍራም መሆን አለበት። ይህን ሁለት ጠባይ በአንድ ዕቃ ውስጥ ማስታረቅ ዛሬም የቀለምና የመድኃኒት ፋብሪካዎች ራስ ምታት ነው። እናቴ የምትለካው ሊጡ ከጭልፋው በሚወርድበት አኳኋን ነበር። መለኪያዋ አልተጻፈም፤ ስሕተቷ ግን በዓመት አንድ ሁለት እንጀራ ቢሆን ነው። የእኔ ስሕተት ከዚያ የከፋ ነው። አሁን እርሱን ልንገራችሁ።

የዶክትሬት ትምህርቴን ጨርሼ በተመለስሁ በሁለተኛው ክረምት ዘመዶቼን ልጠይቅ ወደ ጋይንት መጣሁ። ከመንደሩ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ስንጥቅ ወጥቶ ነበር፤ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ፣ እጅ የሚያስገባ። አርሶ አደሮቹ ተሰብስበው ይመክሩ ነበር። እኔም ተማርሁ አይደለምን? በጣሳ አፈር ወሰድሁ፣ ወደ ከተማ ይዤ ሄድሁ፣ በሁለተኛው ቀን ብርታቱን ለካሁ፣ የተዳፋቱንም ዘንበል አሰላሁ። አፈሩ ከሚያስፈልገው ሠላሳ በመቶ የበለጠ ብርታት አለው አልሁ። «ይይዛል» ብዬ ነገርኋቸው።

አንድ አዛውንት ነበሩ፤ አያ እያልን የምንጠራቸው። «ልጄ» አሉኝ፣ «ምንጯ ወርዳለች። ውሃዋም ደፍርሷል።» እኔም «አያ፣ አንቱ የሚሉትን ሰምቻለሁ፤ ግን ለክቼዋለሁ» አልኋቸው። እርሳቸው ከብታቸውንና እህላቸውን አውጥተው ወደ ማዶ ተሻገሩ። አብዛኛው ሰው ተከተላቸው። አንድ ቤተሰብ ግን የተማረ ሰው ይይዛል ብሏል ብሎ ቀረ። በዘጠነኛው ቀን ሌሊት ተዳፋቱ ወረደ። ሰዎቹ የከብት ግሣት ሰምተው ወጥተዋልና ነፍስ አልጠፋም። ሁለት በሬዎች፣ ጎተራውና ቤቱ ግን ከሥር ቀሩ።

ለብዙ ዓመት ስሕተቴን በዝናቡ አመካኝቻለሁ። ዝናቡም ድርሻ አለው፤ በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው የውሃ ግፊት ቅንጣቶቹን ያለያያል፣ ሰበቃውን ይቀንሳል፤ የምንጯ መውረድና መደፍረስ የሚናገረውም ውሃው ከሥር መንገድ መቀየሩንና አፈር እየሸረሸረ መሆኑን ነበር። ነገር ግን ዋናው ስሕተት ያለው ጣሳው ውስጥ ነው። እስኪ አሁን ወደ ሰሌዳዎቹ እንመለስ።

በግራ ያለው ጭቃ ከትናንት ማታ ጀምሮ አልተነካም። በቀኝ ያለውን አሁን በማንኪያ አማስለዋለሁ። ሁለቱንም እኩል አዘነብላለሁ... ይኸው። የቀኙ ፈሰሰ፤ የግራው እንደ ቆመ ነው። አፈሩ አንድ፣ ውሃው አንድ፣ ዝንባሌው አንድ። ልዩነቱ ታሪካቸው ብቻ ነው። የሸክላ አፈር ቅንጣቶች ሲያርፉ እርስ በርስ ተያይዘው እንደ ሳንቃ ቤት ይቆማሉ፤ ሲታመሱ ያ ቤት ይፈርሳል፤ ሲያርፉ ደግሞ ቀስ ብሎ ይሠራል። በሳይንሱ «ቲክሶትሮፒ» ይባላል። እንግዲህ እኔ ከተዳፋቱ የወሰድሁት አፈር በጣሳው ውስጥ ሁለት ቀን ዐርፎ ጠነከረ። ተዳፋቱ ግን አላረፈም፤ በየሌሊቱ በጥቂቱ እየተንሸራተተ ራሱን ያምስ ነበር። የለካሁት የጣሳውን አፈር ነው እንጂ የተራራውን አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2002 ፊሊፕ ኩሶ፣ ዳንኤል ቦንና ባልደረቦቻቸው በፈረንሳይ ያደረጉትን ሙከራ ያነበብሁ ቀን ይህ ሁሉ ተገለጠልኝ። የቤንቶናይት ጭቃን በሰሌዳ ላይ አድርገው አዘነበሉ። የቢንግሃም ሕግ እንደሚለው ቢሆን ደፉ ሲታለፍ ጭቃው በቀስታ መፍሰስ ይጀምር ነበር። እነርሱ ያዩት ሌላ ነው። ከአንድ ዝንባሌ በታች ጭቃው ይቆማል፣ እየቆየም ይጠነክራል። ከዚያ በላይ ግን መፍሰሱ ራሱ ያቀጥነዋል፣ መቅጠኑ ደግሞ ያፈጥነዋል፣ እስኪናድ ድረስ። በሁለቱ መካከል ተረጋግቶ በቀስታ የሚሄድ ፍሰት የለም። ወይ መጠንከር፣ ወይ መናድ። ጽሑፉን «የናዳ ጠባይ» የሚል ርእስ ሰጥተውታል።

በኖርዌይ ሪሳ በምትባል ቦታ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1978 አንድ ገበሬ ጎተራውን ለማስፋት ያወጣውን 700 ሜትር ኩብ ያህል አፈር በሐይቁ ዳር ከመረው። ያ ትንሽ ክምር የቀሰቀሰው ናዳ ከ5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ መሬት ወደ ሐይቁ አወረደ። ለሳይንስ መልካም ዕድል ሆኖ ሰዎች በካሜራ ቀርጸውታል፤ ቤቶች ቆመው ሳለ እንደ ጀልባ ሲሄዱ ይታያል።

በእኛ አገር ግን ካሜራው የሚደርሰው ከቀብሩ ጋር ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በደብረ ሲና አቅራቢያ የይዛባ መሬት ተንሸራትቶ በርካታ ቤተሰቦችን አፈናቅሏል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎችን ቀበረ፤ የቆሻሻ ክምርም ለስላሳ ቁስ ነው፣ ደፍም አለው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አጋማሽ በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ሊያወጡ የተሰበሰቡ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ እነርሱን አገኛቸው። ሰሌዳውን ያየ ሰው ይህ ለምን እንደሚሆን ይገባዋል። የወረደው መሬት ግርጌው ተወስዶበት፣ ውስጡ ታምሶ፣ ከቀድሞው ይልቅ ቀጥኖ ይቀመጣል። የቆመ ይመስላል፤ ገና አልጠነከረም። ወንድሙን ለማዳን አካፋ ይዞ ለሚሮጥ ሰው ይህን ማን ነገረው? እኛ በዩኒቨርሲቲ ደመወዝ የምንበላ ሰዎች መልስ ያለን አይመስለኝም።

ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ ታዲያ መቼ እንደሚወርድ ለምን አትነግሩንም? ለዚህ ስለ ትርምስ ጥቂት ማለት አለብኝ። እ.ኤ.አ. በ1961 ኤድዋርድ ሎሬንዝ የአየር ሁኔታን በኮምፒዩተር ሲያሰላ 0.506127 የሚለውን ቁጥር 0.506 ብሎ አስገባና ጥቂት ቆይቶ ፈጽሞ የተለየ አየር እንዳገኘ ጽፏል ተብሎ የሚነገረውን ታውቃላችሁ። ሕጉ የታወቀ ነው፤ መነሻውን ፍጹም አድርጎ ማወቅ ግን አይቻልም። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ጠባይ በፍጥነት የሚሄድ ውሃና አየር እንጂ ወፍራምና ዝግተኛ ነገር ውስጥ አይገኝም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ይህ እምነት በሁለት አቅጣጫ ፈረሰ። አሌክሳንደር ግሮይስማንና ቪክቶር ስታይንበርግ የወፈረ የስኳር ውሃ ውስጥ በሚሊዮን 80 እጅ ያህል ፖሊመር ጨምረው በሁለት ሰሌዳዎች መካከል በዝግታ አዞሩት። ፍሰቱ ተረበሸ፣ ተመሰቃቀለ፤ ፍጥነት ሳይኖር የመጣ ትርምስ ነው። የፖሊመሩ ክሮች ሲለጠጡ ጫናን ይይዛሉ፣ ሲለቁት ፍሰቱን ያናውጡታል። ማክስዌል ያሰባት የመርገቢያ ጊዜ እዚህ ተመልሳ መጣች።

ሁለተኛው ከሕንድ ነው። በባንጋሎር ራንጂኒ ባንዲዮፓድያይ፣ ጊታ ባሳፓና አጃይ ሱድ ሳሙና መሰል ቁስ በውሃ በጥብጠው በማይለዋወጥ ፍጥነት ቢያዞሩት የሚመልሰው ጫና ግን አንድም ጊዜ ሳይደገም ከፍና ዝቅ እያለ ሲሄድ አገኙት፤ ሲመረመርም የሎሬንዝ ዓይነት ትርምስ ሆነ። ይህን ለተማሪዎቼ የማነሣው ስለ ውጤቱ ብቻ አይደለም። ናሙናው ውሃና ሳሙና ነው። እንዶድን ለዘመናት ልብስ ያጠበበት አገር ልጅ ስለ አረፋ የመመረቂያ ጽሑፍ ለመሥራት የሚያፍርበት ምክንያት አይገባኝም።

እንግዲህ ሰዓቱን መናገር አንችልም። ይህ ማለት ግን ምንም መናገር አንችልም ማለት አይደለም፤ ትርምስን ሰበብ አድርገው እጃቸውን የሚያጣጥፉ ባልደረቦች አሉኝ፣ አልስማማም። ተዳፋት ከመናዱ በፊት ይሳባል፣ መሳቡም ይፈጥናል። ጃፓናዊው ፉኩዞኖ እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳየው ቀላል ነገር አለ፤ የፍጥነቱን ተገላቢጦሽ ከቀኑ ጋር በወረቀት ላይ ብታነጥቡት ብዙ ጊዜ ወደ ዜሮ የሚወርድ መስመር ይሰጣችኋል። ስንጥቁ ዛሬ በቀን 2 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ፣ ተገላቢጦሹ 0.5 ነው። በአራተኛው ቀን በቀን 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን 0.25 ነው። መስመሩን ብትቀጥሉት በስምንተኛው ቀን ዜሮ ይነካል። ያ ቀን ሳይደርስ ሰዉ መውጣት አለበት። የሚያስፈልገው ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ የተተከሉ ሁለት ካስማዎች፣ አንድ ሜትርና በየጠዋቱ የሚጽፍ ሰው ነው። ዐሥረኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ይሠራዋል። ምንጭ ወርዶ እንደሆነ፣ ውሃው ደፍርሶ እንደሆነ፣ ዛፎች ጎንብሰው እንደሆነ በዚያው ደብተር ላይ ይጻፍ፤ አያ ያውቁት የነበረውን ማለቴ ነው። እርሳቸው ዐርፈዋል። የሚያውቁትን ከእርሳቸው የጻፈ የለም፤ እኔም ጭምር።

በዚያ ክረምት ቤቱ የወረደበት ሰው ግን በሕይወት አለ፤ በማዶው ላይ ሌላ ቤት ሠርቷል። ከዚያ ቤት በላይ ባለው ዳገት ሁለት ካስማዎችን አብረን ተክለናል፤ ልጁ በክረምት ይለካል፣ ይጽፋል። ሰውዬው በመንገድ ባገኘኝ ቁጥር ባርኔጣውን እያነሣ «ዶክተር፣ ዘንድሮስ ይይዛል?» ይለኛል። እኔም ልጅህ ምን ጻፈ ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ጥያቄ ያላችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ ሰሌዳዎቹንም በእጃችሁ መንካት ትችላላችሁ።